ሊቀመንበሩ የሚመረጠው ወረዳ ላይ ነው

(ደሴ ላይ ለአንድ የክልል ፓርቲ አባላት ያደረግኩት ንግግር ነው፣ ጽፈህ ላክልን ስላላችሁኝ እንዳወራሁት ተውኩት)

እንደምን አመሻችሁ። ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከተንታ፣ ከወልዲያም ጭምር ይሄን መንገድ ችላችሁ የመጣችሁ አላህም እግዜርም ያክብርልኝ። ደሴ በጭጋጓ ነው የተቀበለቻችሁ ግን አብሽሩ ቡና እየተፈላ ነው። አባቶች ከፊት ስለተቀመጣችሁልኝ አመሰግናለሁ፣ ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች ወንበር እስኪመጣ ትንሽ ታገሱን።

ሰሞኑን የምሰማው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ፒያሳ ቁጭ ስል፣ ሸዋ በር ታክሲ ስጠብቅ፣ ስልኬን ስከፍት፣ "ማን ይሁን?" ነው። የቆዩት የፓርቲያችን ሊቀመንበር ለቀው በተጠባባቂ ነው ያለነው፣ ባሕር ዳር ላይ ጠቅላላ ጉባኤ ሊጠራ ነው፣ እና ሁሉም ሰው አንድ አንድ ስም ይዟል። አንዱ ዶክተር እከሌ ይሁን ይላል፣ አንዱ ታስሮ የወጣ ይሁን ይላል፣ አንዱ ውጭ አገር ያለው ይምጣልን ይላል። እኔ ዛሬ ስም አልጠራም፣ ስም ልትሰሙ የመጣችሁ ካላችሁ ከአሁኑ ይቅርታ። የመጣሁት አንድ ነገር ልላችሁ ነው፣ ሊቀመንበሩ የሚመረጠው ጉባኤው አዳራሽ ውስጥ አይደለም፣ ጉባኤተኛው፣ ማለትም ጉባኤው ላይ ድምፅ እንዲሰጥ ከየወረዳው የሚላከው ሰው፣ ወረዳ ላይ የተመረጠ ቀን ነው። እናንተ ገና "ማን ይሁን" ስትባባሉ ነገሩ የሆነ ወረዳ ቢሮ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል፣ ባሕር ዳር የሚደረገው ቆጠራ ብቻ ነው የሚሆነው።

እስኪ 2010ን አስታውሱት። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 እለቃለሁ አሉ፣ አገር ምድሩ ቀጥሎ ማን ነው ብሎ ቴሌቪዥን ላይ ተተከለ። ያኔ ጉዳዩን የሚወስነው የገዢው ግንባር የኢህአዴግ ምክር ቤት ነው፣ 180 ሰው፣ ከአራቱ ድርጅቶች አርባ አምስት አርባ አምስት። ሁላችንም ዓይናችን እዛ 180 ሰው ላይ ነበር፣ ትልቁ ነገር ግን ከዛ በፊት አንድ የክልል ድርጅት ውስጥ ተሠርቶ አልቆ ነበር። የኦሮሚያው ድርጅት የኦህዴድ ሊቀመንበር ለማ መገርሳ ነበሩ፣ ግን ለማ የፌደራሉ ፓርላማ አባል አይደሉም፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ደግሞ ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት መሀል ነው የሚመረጠው። ስለዚህ ኦህዴድ በዛው የካቲት ወር ቁጭ ብሎ ዐቢይ አህመድን ሊቀመንበር ለማን ምክትል አደረገና ወደ ምክር ቤቱ ገባ። መጋቢት 18 ድምፅ ሲቆጠር ዐቢይ 108፣ ሽፈራው ሽጉጤ 59 አገኙ። የኛው ክልል ድርጅት የብአዴን ሊቀመንበር ደመቀ መኮንን ደግሞ ከውድድሩ ራሳቸውን አግልለው ነበር። ሰውየውን ደግፉትም ተቃወሙትም፣ እሱን ሌላ ቀን እናወራለን፣ እኔ የምለው የአንድ ክልል ድርጅት አመራር በአንድ ስብሰባ ሊቀመንበሩን ቀየረና በወሩ የአገሪቱ መሪ ተቀየረ። የክልል ፓርቲ ሊቀመንበር ማለት ትንሽ ወንበር አይደለም። እና ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ ታች ያለውን አባል ማንም "አንተስ ምን ትላለህ" ብሎ አልጠየቀውም። ኦሮሚያ ያለውም አልተጠየቀም፣ እዚህ ወሎ ያለው የብአዴን አባልም የኔ ሊቀመንበር ይወዳደር አይወዳደር ብሎ የመከረበት ቀን የለም፣ እንደማንኛውም ሰው ዜና ላይ ነው የሰማው።

እኛ ደግሞ ከዛ የተሻለ እናደርጋለን ብለን ነው ፓርቲ የገባነው አይደል? እንግዲህ ወደ ወረዳ እንውረድ።

ይሄን ስብሰባ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ ግን እስኪ ቀረብ ብላችሁ እዩት። የሚጠራው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ የገበያ ቀን፣ ስለዚህ ገበሬው አባል ወይ ገበያ ነው ወይ አህያውን እየነዳ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው። ጥሪው በስልክ ነው፣ ስልክ የሚደወለው ደግሞ ቁጥሩ ፀሐፊው ጋ ላለ ሰው ነው፣ የሌለ ሰው አልተጠራም ማለት ነው። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው፣ ቶሎ መውጣት ይፈልጋላ። ሰብሳቢው ይከፍታል፣ ስለ ትግሉ፣ ስለ መስዋዕትነቱ፣ ስለ ጠላት፣ እያለ አርባ ደቂቃ ይሄዳል። ከዛ ሰዓት ሄዷል ይባላል። "ኮሚቴው ጊዜያችሁን ለመቆጠብ ዕጩዎች አዘጋጅቷል" ይላል፣ ከኮቱ የውስጥ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ያወጣል፣ መነጽሩን ያደርጋል፣ ስም ማንበብ ይጀምራል። ከወረዳው የሚላከው አምስት ሰው ከሆነ ወረቀቷ ላይም ያለው አምስት ስም ነው፣ ስድስተኛ የሚባል የለም። "ተቃውሞ ያለው?" ዝም። "ድምፀ ተአቅቦ?" ዝም። ጭብጨባ። ቃለ ጉባኤው ላይ "በሙሉ ድምፅ" ተብሎ ይጻፋል፣ ሁሉም ቡናውን ሊጠጣ ይወጣል።

በቃ፣ ሊቀመንበሩ የተመረጠው እዛች የታጠፈች ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቷን የጻፈው ሰው ደግሞ ከላይ ያለውን ሰውዬ ደውሎ አማክሯል፣ ከላይ ያለው ሰውዬ ሌላ አርባ ወረዳ እንደዛው ደውሏል፣ ጉባኤው ቀን "ዲሞክራሲያዊ ምርጫ" ብለን ፎቶ እንነሳለን።

ይሄን ለማስቆም ጀግንነት አይፈልግም። አንድ ሰው እጁን አውጥቶ "ሰብሳቢ፣ ዕጩ ከቤቱ ይጠቆም፣ ከሚላከው ቁጥር በላይ ይሁን፣ ድምፁም በወረቀት ይሁን" ቢል፣ አጠገቡ ያለው "እደግፋለሁ" ቢል፣ ሰብሳቢው ሰላሳ ሰው ፊት አይ ሊል ይቸግረዋል። ያቺ የመጀመሪያዋ እጅ ናት ከባዷ። ስለዚህ አስቀድማችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተመካከሩ፣ ማን ይጠይቅ ማን ይደግፍ ብላችሁ ግቡ፣ ይሄ ሴራ አይደለም፣ እነሱም ተመካክረው ነው የገቡት። ደግሞ ዕጩ የሆነውን ሰው እዛው ቤቱ ፊት ጠይቁት፣ ሊቀመንበርነት ላይ ማንን ልትመርጥ ነው፣ ወይስ ገና አልወሰንክም፣ ስትመለስስ ምን መረጥክ ብለን ብንጠይቅህ ትነግረናለህ? መልሱን ቃለ ጉባኤ ላይ አስጽፉት። ጉባኤተኛ ማለት የራሱን ስሜት ይዞ የሚሄድ እንግዳ አይደለም፣ የናንተን አደራ ነው የተሸከመው።

ሁለተኛው ነገር መዝገቡ ነው። አባል ማን ነው? ይሄ ቀላል ጥያቄ ይመስላል ግን ፓርቲ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። በ2011 የወጣው የምርጫና የፓርቲዎች አዋጅ 1162 ክልላዊ ፓርቲ ሲመሰረት 4,000 መስራች አባል ይጠይቃል፣ አገር አቀፍ ከሆነ 10,000። ብዙ ቦታ ያ ቁጥር እንዲሞላ ተብሎ በሩጫ የተሰበሰበ ፊርማ ነው፣ የፈረመው ሰው ግማሹ መፈረሙንም ረስቶታል። ምርጫ ሲመጣ ግን ያ ስም ድንገት ነፍስ ይዘራል፣ እዚህ ወረዳ ይሄን ያህል አባል አለን ስለዚህ ይሄን ያህል ጉባኤተኛ ይገባናል ይባላል። ወሎ ውስጥ ቅሬን፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን፣ የማያውቅ የለም መቼም። ቅሬ ላይ ማን አባል ነው ብሎ ክርክር አይነሳም፣ መዋጮ የከፈለ ይታወቃል፣ ከቀብር ቀርቶ ቅጣት የከፈለም ይታወቃል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ መዝገብ ላይ ነው፣ መዝገቡን ልይ ላለ ሰው ይገለጥለታል። የቅሬው ዳኛ ሲቀየር ታዲያ የሚናገረውም የሚመርጠውም የታወቀ ሰው ነው። እኛ ፓርቲ ውስጥ ግን የወረዳውን የአባላት መዝገብ በዓይኑ ያየ ሰው እዚህ ቤት ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ እስኪ።

(ሁለት ሰው እጅ አወጣ፣ አንዱ የወረዳ ፀሐፊ ነው።)

አያችሁ። ስለዚህ ጉባኤተኛ ከመመረጡ በፊት መዝገቡ ወጥቶ ይነበብ። ስም፣ ቀበሌ፣ መቼ ገባ፣ መዋጮ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ከፈለ። የሞተ ይሰረዝ፣ ወደ ሌላ ፓርቲ የሄደ ይሰረዝ፣ ባለፈው ሳምንት በጅምላ የገባ ካለ ለምን አሁን ተብሎ ይጠየቅ። በ2014ቱ ጦርነት መዝገቡ የጠፋበት ወይ የተቃጠለበት ወረዳ ካለ ደግሞ ከጭንቅላት አይጻፍ፣ ሰው በአካል መጥቶ እንደ አዲስ ይፈርም። አሰልቺ ሥራ ነው አውቃለሁ፣ እዛ ቁጭ ብሎ ስም ከማንበብ ፌስቡክ ላይ "እከሌ መሪያችን" ብሎ ፖስት ማድረግ ይቀላል። ግን ላይክ ድምፅ አይሆንም።

ገንዘቡም አለ። ይሄን ሰው አያነሳውም፣ ነውር ይመስለዋል። ከወረኢሉ የተመረጠ ጉባኤተኛ ባሕር ዳር ለመድረስ መጀመሪያ ደሴ ይመጣል፣ ከዛ ወልዲያ፣ ጋሸና፣ ደብረ ታቦር፣ እያለ ነው። ትራንስፖርቱን ማን ከፈለ? አልጋውን ማን ያዘ? እራት ማን ጋበዘ? ከዕጩዎቹ አንዱ ሚኒባስ ተከራይቶ የአንድ አካባቢ ጉባኤተኛ በሙሉ አንድ ሆቴል ካስገባ፣ ዋዜማው ሌሊት እዛ ሆቴል ኮሪደር ላይ የሚወራው ነው ጠዋት ሳጥን ውስጥ የሚገባው። ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ያበላህን ሰው በማግስቱ ፊቱን ማየት ከባድ ነው፣ ይሉኝታ አለ፣ እኛ አገር ደግሞ ይሉኝታ ትልቅ ነገር ነው። መፍትሔው ወረዳው ራሱ አዋጥቶ ጉባኤተኛውን መላክ ነው፣ ትንሽም ቢሆን፣ የትራንስፖርቱን ግማሽ እንኳ። አባሉ ከፍሎ የላከው ሰው ሲመለስ ለአባሉ ነው የሚያወራው።

እነዚህን ነገሮች የናቁ ፓርቲዎች ምን እንደገጠማቸው እናውቃለን፣ ሩቅ መሄድ አይጠበቅብንም። አንድነት ፓርቲን አስታውሱት፣ በጊዜው ከተቃዋሚው ጠንካራው ነበር፣ አመራሩ በትክክል ተመርጧል አልተመረጠም የሚል ክርክር ውስጥ ገባ፣ ጥር 2007 ላይ ምርጫ ቦርድ ስሙንም ፓርቲውንም ለነአቶ ትዕግስቱ አወሉ ቡድን ሰጠው፣ መኢአድም በዛው ሰሞን ተመሳሳይ ዕጣ ነው የገጠመው፣ የግንቦቱ ምርጫ አራት ወር ሲቀረው ማለት ነው። የዛን ጊዜው ቦርድ ነፃ ነበር ብዬ እየተከራከርኩ አይደለም፣ በፍፁም፣ ግን ቀዳዳውን የከፈትንለት እኛው ነን፣ ሁለት ቡድን ሆነን ሁለት ቃለ ጉባኤ ይዘን ስንሄድለት መራጩ እሱ ሆነ። ጎረቤታችንንም እዩ። ህወሓት ነሐሴ 2016 14ኛ ጉባኤውን ሲያደርግ የአመራሩ አንድ ክፍል ጉባኤው ላይ አልገኝም አለ፣ ምርጫ ቦርድ ጉባኤውን አላውቀውም አለ፣ ግንቦት 2017 ላይ ሕጋዊ ሰውነቱ ተሰረዘ። ማን ትክክል ነበር የሚለው ዛሬ ርዕሴ አይደለም። ሃምሳ ዓመት የቆየ ድርጅት እንኳን ጉባኤው ላይ ካልተስማማ ምን እንደሚመጣ ነው የማሳያችሁ። ምርጫ ቦርድ ጉባኤ ላይ ታዛቢ ይልካል፣ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ወይ ይላል፣ ሰነድ ይጠይቃል። ያኔ የወረዳዋ ቃለ ጉባኤ በትክክል ካልተጻፈች ከላይ ያለው ሁሉ ይንገዳገዳል።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ የጠበቃችሁት ነገር ላይ ልምጣ። "የወሎ ተራ ነው።"

ይሄን ስሜት እረዳዋለሁ፣ ከልቤ። የአማራ ክልል ፖለቲካ ውስጥ ጎንደር ጎጃም ሸዋ ወሎ እየተባለ ወንበር ሲከፋፈል ነው የኖረው፣ የትም ደንብ ላይ ያልተጻፈ ግን ሁሉም የሚያውቀው ቀመር ነው፣ እና ወሎ ላይ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ለምክትልነት ነው የምንታሰበው ብሎ ቅር ይለዋል። ቅሬታው መሬት ላይ ያለ ነው። ግን ተራ ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምታገኙት ተራ የተሰጠው ሰው ነው፣ ተራውን የሰጡት ሰዎች ደግሞ ነገ ያነሱታል። የወሎ ልጅ ስለሆነ ብቻ የተቀመጠ ሊቀመንበር ዋግ ሄዶ ምን ይላል? ጎጃም ሄዶስ? በዛ ላይ ወሎ ራሱ አንድ ቀለም አይደለም፣ ከሚሴ አለ፣ አርጎባው አለ፣ ራያ አለ፣ የወሎ ተወካይ ስትሉ የትኛውን ነው? እኔ የምላችሁ ሰው አትጠይቁ፣ ጉባኤተኛችሁን አጥብቁ። ከቆቦ እስከ ወረኢሉ ያለው ጉባኤተኛ በትክክል የተመረጠ፣ በራሱ ወረዳ ገንዘብ የሄደ፣ አስቀድሞ ተገናኝቶ የመከረ ከሆነ፣ ዕጩው የጎጃም ሰውም ይሁን የጎንደር ሰው ደሴ ድረስ መጥቶ ድምፅ ይለምናል። ተፈላጊ መሆን ማለት እሱ ነው። ወሎ ውስጥ አበጋር ሁለት ባላንጣ ሲያስታርቅ የማን ወገን ነህ ተብሎ አይመረጥም፣ ሁለቱም ወገን ስለሚሰማው ነው፣ እኛም ከየትም ይምጣ ሁሉም የሚሰማውን ሰው ብንፈልግ ያምርብናል።

ዕጩዎቹ ክርክር ያድርጉ። ኢዜማ ሰኔ 2014 ላይ ብርሃኑ ነጋና አንዱዓለም አራጌ ለመሪነት ሲወዳደሩ ሐሳባቸውን ይዘው ፊት ለፊት ቀርበዋል፣ ብርሃኑ አሸነፉ። ከዛ በኋላ ፓርቲው ውስጥ የሆነውን ሁሉ ጥሩ ነው አልልም፣ ግን አባሉ ሁለት የተለያየ መንገድ ሰምቶ ነው የመረጠው፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የኛም ዕጩዎች ደሴ ላይ፣ ወልዲያ ላይ ቢከራከሩ ማን ነው የሚጎዳው? ያልተዘጋጀው ብቻ። ጥያቄም አዘጋጁላቸው፣ "ለሕዝቡ ምን አስበሃል" አትበሉ፣ ለዛማ ሁሉም መልስ አለው። የታሰሩ አባሎቻችንን ቤተሰብ በምን ገንዘብ ትደግፋለህ፣ መንግስት የሚኒስትርነት ቦታ ቢሰጥህ ተቀብለህ ሊቀመንበርም ትሆናለህ ወይስ አንዱን ትለቃለህ፣ ብትሸነፍ ፓርቲው ውስጥ ትቆያለህ ወይስ አንጃ ታቋቁማለህ? ይቺን የመጨረሻዋን ሰው ፊት አስመልሱት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ስልክ። ድምፅ መስጫው ክፍል ስልክ ይዞ መግባት ይከልከል። ወረቀቱን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ የሚባል ነገር መጥቷል፣ ሚስጥራዊ ድምፅ የተባለው እዛው ላይ ሞተ ማለት ነው። በሩ ላይ ቅርጫት ይቀመጥ፣ ስልኩ እዛ ይግባ፣ ሊቀመንበሩም ይሁን ሾፌሩ።

ከዛ ጥያቄ ተከፈተና ዋና ዋናዎቹን ልጻፋቸው።

ከሐይቅ የመጣች እህት "ወረዳችን ላይ ሴት ጉባኤተኛ አንድ ናት፣ እሷም ኮታ ለመሙላት ነው የምትጠራው፣ ስብሰባው ራሱ እኛ ቤት ሥራ ላይ ባለንበት ሰዓት ነው የሚሆነው" አለች። ትክክል ነሽ አልኳት፣ ሰዓቱን የሚወስነው ሰው ነው መራጩን የሚወስነው፣ ስለዚህ ሰዓቱን አስቀይሩ፣ እሱ ከተቀየረ ኮታውን ሳትለምኑ ታልፉታላችሁ።

አንድ ወጣት ደግሞ "አሁን በተጠባባቂነት ያሉት ሰውዬ ራሳቸው ሊወዳደሩ ነው፣ ጉባኤውንም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፣ ይሄ ልክ ነው?" አለኝ። ልክ አይደለም ወንድሜ። መወዳደር መብታቸው ነው ግን ከዛሬ ጀምሮ ማህተሙንም መዝገቡንም ለአስመራጭ ኮሚቴ ያስረክቡ፣ አስመራጭ ኮሚቴ ውስጥ ያለ ሰውም ለምንም ቦታ ዕጩ አይሁን።

መጨረሻ ላይ ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት፣ ሼህ ናቸው፣ በጣም የከበደውን ጥያቄ ጠየቁ። "ልጄ፣ አንተ የምትለው መልካም ነው፣ ግን መንገዱ ይዘጋል፣ ገጠር ያለው አባል ስብሰባ ሲወጣ በሁለቱም ወገን ይጠረጠራል፣ እሱን ምን ልታረጉት ነው?" አሉኝ።

አባቴ እውነትዎን ነው። ከ2015 ወዲህ ገጠር ላይ ሰው መሰብሰብ ራሱ አደጋ ሆኗል፣ አንድን አባል ለድምፅ ብለን ሕይወቱን አስይዝ ልንለው አንችልም። ግን ከዚህ ላይ የሚመጣ ፈተና አለ፣ "ገጠሩ መምጣት ስላልቻለ ደሴና ኮምቦልቻ ያለው ሰው ይወክለው" የሚል፣ እሱን አልቀበልም፣ የከተማ ሰው የአምባሰልን ገበሬ ድምፅ በኪሱ ይዞ መሄድ የለበትም። የሚቻለው ወረዳው ራሱ ደህና ነው የሚለውን ቦታና ቀን ይምረጥ፣ ገበያ ወደሚመጣበት ከተማ ላይ በትንሽ በትንሹ እየመጡ ድምፅ ሰጥተው ይመለሱ፣ ስም ዝርዝሩም ግድግዳ ላይ አይለጠፍ፣ አስመራጮቹ ጋ ብቻ ይሁን። መምጣት ያልቻለ ወረዳ ካለ ወንበሩ ባዶ ይቆይ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ በስሙ "ያልተወከለ" ተብሎ ይጻፍ፣ ያልተወከሉት ከበዙ ደግሞ ጉባኤው ቀን ተቆርጦለት ይራዘም። "እሱስ ይሁን" አሉኝ፣ "ቀን ተቆርጦለት ካልከኝ ይሁን።"

የየወረዳችሁ ስብሰባ መቼ እንደሆነ ያልተነገራችሁ ሰኞ ጠዋት ፀሐፊው ጋ ሂዱና ቀኑን በጽሑፍ ጠይቁ፣ መዝገቡንም እዛው አይታችሁ ተመለሱ።